ሲንጀር የቆመበት መሬት

ስፌት የተማሩ ልጆች በቤታቸው ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እኔ ብቅ ይላሉ። የስፌት መኪናውን ገዝተዋል፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ አሠርተዋል፣ ካውያም አላቸው፤ የቀራቸው ወለሉ ነው። "እትዬ፣ ሴራሚክ ላስነጥፍ ወይስ ፕላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል?" ይሉኛል። እኔም መልሼ "ቤቱ የማን ነው?" እላለሁ። ስለ ቀለምና ስለ ዋጋ ሊሰሙ መጥተው ስለ ካርታና ስለ ኪራይ ውል ስጠይቃቸው ግር ይላቸዋል። ልብስ ሰፊ ከነበረችው ከእማዬ ዘመን ጀምሮ ያየሁት ግን ይኸው ነው፤ በአዲስ አበባ የስፌት ክፍልን ወለል የሚወስነው ከሙያው ይልቅ የቤቱ ባለቤት ነው። ከባለቤቱም በፊት መሬቱ ራሱ አለ፤ ከእሱ ልጀምር።

ከመገናኛ ወዲያ ያለው አገር፣ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ ወደ ደቡብ ሲሉ ቦሌ ቡልቡላ፣ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሁሉ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ የሚባለው በግቢውና በአራዳ ዙሪያ ያለው ነበር፤ የእኛ ወገን የገበሬ አገር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ መረሬ ይሉታል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። መሐንዲሶች ዛሬም ቤት ከማስጀመራቸው በፊት ይህን አፈር አስቆርጠው ያስወጡና በገረጋንቲ ይተኩታል። ገንዘብ ያጠረው ወይም የቸኮለ ሰው ጥቁሩ አፈር ላይ ያፈሰሰው ሲሚንቶ ግን ብዙ ክረምት ሳይቆጥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይተረተራል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የወለል ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ይህ አፈር ነው፤ እኔም አልምረውም።

በጭቃ ቤት ወለሉ ያው መሬቱ ነበር። ሴቶች እበትና አፈር በውሃ ለውሰው በእጃቸው ይለቀልቁታል። ሲደርቅ አቧራው ይታፈናል፤ ሲቦረቦር ደግሞ እንደገና መለቅለቅ ነው። ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። እንዲህ ባለው ቤት ጥጥ ይፈተላል፣ የተቀደደ ይጠቀማል፣ አዲስም ይሰፋል፤ የሚሰፋው ሰሌን ወይም ቁርበት ላይ እግር አጣጥፎ ተቀምጦ ነው። ቁርበት ላይ የወደቀ መርፌ ይታያል። ቄጠማ ውስጥ የወደቀውን ግን በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ካልሆነ ማንም አያገኘውም። በእኛ ቤት የበዓል ልብስ ቄጠማው ሳይጎዘጎዝ ማለቅ ነበረበት፤ እማዬ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ሸማኔው ደግሞ ከዚህም አልፎ መሬቱን የመሣሪያው አካል አድርጎታል። የአገራችን ሽመና በጉድጓድ የሚሠራ ነው። ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰድዳል፣ እታች ያለውን መርገጫ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ነጠላውንና ጋቢውን ለከተማው ያደረሱት በዚሁ ጉድጓድ ነው። እንግዲህ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቤት ውስጥ ጉድጓድ አይቆፈርም። ሸማኔ ያለው ቤት ወይ ወለሉ አፈር ሆኖ ይቆያል፣ ወይ ሸማኔው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ወይም በብረት የሚቆም ዕቃ ያሠራል። ወለል ማሳመር ሁልጊዜ ለሁሉም ሙያ ማለፊያ ነገር ነው ብለው ለሚያስቡ ይህን እነግራቸዋለሁ።

የልብስ ሰፊው ነገር በተቃራኒው ነው። እሱን ከመሬት ያስነሣችው መኪናዋ ናት። ሲንጀር የምንላት መኪና ስሟን ያገኘችበት አይዛክ ሲንገር አሜሪካ ላይ ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ወደ እኛ አገር የስፌት መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የብረት ዕቃ ማምጣት ቀለለ። በአራዳና በኋላም በመርካቶ ሕንዶች፣ አርመኖችና ዐረቦች ጨርቅ ሲነግዱ፣ አቡጀዲው ከዚህ ሱቅ ተገዝቶ እዚያው ደጃፍ ላይ ይሰፋል። ልብስ ሰፊው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ሱቅም የለው፤ የሚከራየው በረንዳ ነው። ያደግኩትም የሾላ ገበያ ልብስ ሰፊዎች እንዲሁ ሲሠሩ እያየሁ ነው። ቤቱ የነጋዴው፣ በረንዳው የነጋዴው፤ የልብስ ሰፊው ንብረት መኪናውና መቀሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ መኪናው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል።

የእግር ሲንጀርን ያየ ሰው ከሥር ያለውን ብረት ያስታውሰዋል፦ ጎንና ጎኑ በአበባ ቅርጽ የቀለጠ ከባድ ብረት፣ መሐሉ ላይ ሰፊ መርገጫ፣ በስተቀኝ ትልቅ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ላይ የሚሄድ የቆዳ ቺንጋ፣ ከአራቱ እግሮች ሥር ደግሞ ትናንሽ የብረት መንኮራኩሮች። መንኮራኩሮቹ የተሠሩት ለጣውላ ወለል ላለው ቤት ነው። የተለቀለቀ መሬት ላይ ስታቆማት ትሰምጣለች፤ ያውም አራቱም እግር እኩል አይሰምጥም። አንዱ እግር ዝቅ ሲል መርገጫው ይንጋደዳል፣ ቺንጋው ከጎማው ላይ ይወርዳል፣ ስፌቱም ይዘላል። ስለዚህ ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ቁርበት ላይ ተቀምጦ ለሚሰፋ ሰው ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም ግድ አልነበረውም፤ የሲንጀር ባለቤት ግን መሬቱ ደልዳላ መሆን አለመሆኑን ማየት ጀመረ።

የጣውላ ወለል ያየሁት እማዬ ሙያውን የተማረችበት ቤት ነው፤ ከመሐል ከተማው አሮጌ ቤቶች አንዱ። እንዲህ ያለው ቤት በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ይላል፣ ከጣውላው ሥር ባዶ ነው፣ እርጥበቱ እንዲወጣ ግድግዳው ላይ የአየር ቀዳዳ ይተውለታል። ሰም ተቀብቶ ሲወለወል ያምራል፤ ለእግርም ሞቃት ነው። መኪናው ሲረገጥ ግን ቤቱ በሙሉ እንደ ከበሮ ይመታል፣ መንኮራኩሮቹም ሰሙን አልፈው እንጨቱን ይቦረቡሩታል። ከጣውላው ክፍተት የገባ መርፌ ደግሞ ለአይጥ የተሰጠ ነው። የቤቱ እመቤት ለተማሪዎቿ በየሳምንቱ መርፌ ቆጥራ ትሰጥ ነበር ትላለች እማዬ፤ የጎደለባት ከኪሷ ትገዛለች።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም። ከሾላ ገበያ ፈንጠር ብሎ የነበረው ቤታችን በባሕር ዛፍ ማገር ቆሞ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ያን ጊዜ ቦሌ የሚባለው አገር ገና ስም እያወጣ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ የተዛወረው በ1950ዎቹ፣ ለጄት አውሮፕላን የሚበቃ ሜዳ ሲያስፈልግ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው ሰፊ መንገድም ግራና ቀኙን ቪላ አበቀለ። ቪላው ፓርኬ ወይም ቴራዞ ነው፤ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ደግሞ ሊሾ፣ ማለት ተለስኖ የለሰለሰ ሲሚንቶ። እማዬ ጨርቅ እየተቀበለች ከምትሰፋላቸው እመቤቶች አንዷ ሰርቪሷ ውስጥ መኪና አስቀምጣ እዚያው ድረስ ታሠራት ነበር። እማዬ ሊሾን የወደደችው ያኔ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ለዓይን አያምርም፤ ግን ደልዳላ ነው፣ አይሰምጥም፣ አይጮኽም፣ የወደቀበትን አይደብቅም፣ ክርና ብጥስጣሽ በአንድ መጥረጊያ ይጠረግለታል። እኔም እስከ ዛሬ ከዚህ ፍርድ አልወጣሁም፦ ለስፌት መኪና በደንብ ከተሠራ ሊሾ የሚበልጥ የለም።

በአገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሊሾ ቀስ እያለ ከሹም ቤት ወደ መምህር ቤት፣ ከመምህር ወደ ወታደር ቤት ወረደ። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ሌላ ነገር ቀደመው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጡት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ፤ ኪራይም ተቀነሰ። እኛ የምንከራየው ቤት የቀበሌ ሆነ። አከራያችን የነበሩት ሽማግሌ ደጃችን ላይ መታየት አቆሙ፣ እማዬም ወሩ በገባ ቁጥር በትንሽ ደረሰኝ ለቀበሌው ትከፍል ጀመር። ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ማንም ተነሥቶ "ውጡልኝ" አይለንም። ግን ደግሞ ማንም አያድስልንም። ሚስማር ለመምታት እንኳ ማስፈቀድ ነው ይባላል፤ ወለል ማስደረግማ ማመልከቻ፣ ኮሚቴ፣ "ተመልሰሽ ነይ" ነው። ሲሚንቶውም እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም፤ የሙገር ፋብሪካ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። እማዬ ነገሩን በአንድ አነጋገር ዘጋችው፦ "የመንግሥት ቤት ውስጥ ገንዘብ አይቀበርም።"

ገንዘቧን ያዋለችው ተጠቅልሎ በሚሄድ ነገር ላይ ነው። አበባ ያለበት ፕላስቲክ ምንጣፍ ከመርካቶ በሜትር ታስቆርጣለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሲያልቅ ተገልብጦ ጓዳ ይነጠፋል። በየቀበሌ ቤቱ ያን ዓይነት ምንጣፍ ያየ ሰው ጣዕም መሰለው እንጂ ስሌት ነው። ተከራይ የሚነጠፍ እንጂ የሚለሰን አይገዛም።

መኪናው ላይ ግን ምንጣፉ አልሠራም። የብረት መንኮራኩሩ ይበሳዋል፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ክረምትና በጋ ይንቀሳቀሳል። መስከረም ላይ ልክ የነበረች መኪና ሚያዝያ ላይ ትወላገዳለች። እማዬ ከዝቅተኛው እግር ሥር የለስላሳ ቆርኪ ትደራርባለች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ እርጥብ ሲሆን አንዱን ታነሣለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ይመጣል፤ ያኔ ሌሊት ላይ ቆርኪው ፈንጠር ብሎ ሲወጣ የእኛ ሥራ በኩራዝ እየፈለጉ መመለስ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ መንኮራኩሮቹ እንዳይዝጉ እያንዳንዱ እግር የሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ይቆማል።

በመጨረሻ ሰለቻት። አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ከሥራ ቦታው የተረፈ ሲሚንቶ በከረጢት አመጣላት። ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግተው መኪናዋ ከምትቆምበት ጥግ የወንበሯን ቦታ ጨምሮ መሬቱን በክንድ ያህል ቆፈሩ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ጠቀጠቁ፣ በላዩ ሊሾ ለሰኑ። ስፋቱ ከአንድ አልጋ አይበልጥም። የቀረው ቤት እንደ ነበረ አፈር ነው፤ በመሐሉ ያቺ ግራጫ ጥግ ብቻ ትብለጨለጫለች፤ የቀበሌ ሰው እንዳያይባት በሰሌን ትሸፍናታለች። የመጀመሪያው የራሷ ወለል እሱ ነው። ቆርኪዎቹን ሰብስባ ለወንድሜ ለዳማ መጫወቻ ሰጠችው።

ደርግ ወድቆ ሳልባጁ ሲጎርፍ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ቀነሰ፤ ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር ሆነ ሥራው። የስፌቱን ክፍል የቀየረው ግን ኮንዶሚኒየም ነው።

አርከበ ዕቁባይ ከተማውን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሕንፃዎች የተሠሩት እዚሁ ምሥራቅ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ ነው፤ ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1995 ወጥቶ ነበር። ቀጥሎ ምዝገባ፣ ዕጣ፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። ለእኔ ሰሚት ደረሰኝ። ቁልፍ ተቀብዬ ስከፍተው ግድግዳው ገና ያልተጨረሰ፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነበር፤ ማስጨረሱ የባለዕጣው ፈንታ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን ያን ጊዜ ደስ አለኝ። በቤተሰባችን ታሪክ የሚረግጠውን ወለል ጠይቆ ሳይሆን መርጦ የሚያስደርግ ሰው አልነበረማ!

ጎረቤቶቼ በአንድ ቃል ሴራሚክ አሉ፤ ያውም ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። ሴራሚክ ያን ጊዜ የመሻሻል ምልክት ነው፤ ለሳሎን አልቃወምም። ለስፌት ክፍል ግን ጠላት ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ እኛም ከዚያ አንርቅም። በነሐሴ ሴራሚክ ላይ እግሯን አሳርፋ ቀኑን ሙሉ ፔዳል የምትረግጥ ሴት ጉልበቷን ጠይቁልኝ። መቀስ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ሊሾ ላይ ጫፉ ይዶለዱማል፣ ሴራሚክ ላይ ወይ መቀሱ ይሰበራል ወይ ሴራሚኩ። እስፒል በነጩ ብልጭታ ውስጥ ይጠፋል፤ በየመጋጠሚያው ብጣሽ ክር ይሰገሰጋል። ከሁሉ የባሰው፣ አሮጌዋን ሲንጀር ብረግጣት በመንኮራኩሮቿ ወደ ግድግዳው እየሸሸች ትሄዳለች፤ ወንበሬን እየጎተትኩ ስከተላት የምውል ይመስላል። ምንጣፍስ ቢሉ፣ የሱፍ ምንጣፍ እስፒል ይውጣል፣ ከዚያ በጉልበቱ ለሚድኸው ልጅ ያቀብለዋል።

እኔ ያስደረግኩት ሊሾውን እንደገና አስለስኜ በላዩ ፒቪሲ የሚባለውን የፕላስቲክ ንጣፍ ማስለጠፍ ነው፤ ድፍን ቀለም፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ እስፒልም ነጭ ክርም ወዲያው የሚታይበት። አሠራሩ ላይ ጭንቅ አለ። ሊሾው በደንብ ሳይደርቅ ከተለጠፈ ማስቲሹ አይዝም፤ በወሩ ጫፍ ጫፉ ይነሣል። ምድር ቤት የደረሳቸው ደግሞ ከሥር የሚወጣው እርጥበት ያስቸግራቸዋል፤ ያው መረሬው ነው፣ ሕንፃም ተሠርቶበት አይተኛም። ከግድግዳው ሥር ዞኮሎ ማስደረግ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጠዋት የጠረግሽው ክር ማታ ከጥጉ ይወጣል።

ያላሰብኩት ከሥሬ ያለውን ሰው ነው። የእማዬ ወለል ከሥሩ አፈር ነበር፣ የእኔ ከሥሩ የሰው መኝታ ቤት ነው። እነዚያ ሕንፃዎች ወጪ ለመቀነስ ወለላቸው የተሠራው ተገጣጣሚ ቢም ተደርድሮ፣ በመሐሉ ባዶ ብሎኬት ገብቶ፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት ፈስሶ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ድምፅ ግን ያሳልፋል። የሞተር መኪናና ኦቨርሎክ ባስገባሁ ሰሞን ከታች ያሉት አዛውንት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን መቱ፤ በማግስቱ ደረጃውን ወጥተው መጡ። "ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ምንድን ነው የምትፈጪው?" አሉኝ። "ጋሼ ይቅርታ፣ ስፌት ነው፤ የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ ደርሶብኝ ነው" አልኳቸው። አስገብቼ መኪናውን አሳየኋቸው። ዓይናቸው የሄደው ወደ መኪናው እግር ነው። ጡረታ ሳይወጡ ማተሚያ ቤት ይሠሩ ነበርና "ማሽን ጎማ ላይ ነው የሚቆም" አሉኝ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከመኪና ጎማ በርባሶ ከሚሠሩት ዘንድ የጫማው ሶል የሚቆረጥበትን ወፍራም ጎማ በመዳፍ ልክ አስቆረጥኩ። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ሁለት ሁለት፣ መሐላቸው ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ። ሲንጀሯንም መንኮራኩሮቿን አውልቄ በዚያው ላይ አቆምኳት። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ንዝረቱ ግን ሞተ። ከዚያ በኋላ የሕንፃው ማኅበር ሲሰበሰብ ልብስ ሰፊዎች እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲሠሩ ሐሳብ ያቀረቡት እኚያው ጋሼ ናቸው፤ ሌሎቹ ጭራሹን ይከልከል ሲሉ ነበር። ኮሮና በገባ በ2012 የፊት መሸፈኛ ስንሰፋ የሰዓት ገደቡን ማንም አላነሣብንም።

ከሰሚት ፈንጠር ብሎ ያለው የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደዚህ ወገን የመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር ናቸው። እዚያ በመስመር ተቀምጠው አንዷ ኪስ፣ አንዷ ኮሌታ ስትገጥም ይውላሉ፤ ወለሉን የሚያስበው ሌላ ሰው ነው። አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነጻ የመላክ ዕድል ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ስታነሣ ከሥራ የወጡ ጥቂቶቹ እኔ ዘንድ መጥተዋል። እጃቸው ፈጣን ነው። የሚኖሩት ግን በጎሮና በአራብሳ በተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ አከራዩ በዓመቱ ኪራይ ሲጨምር ይለቃሉ። ለእነሱ ያለው ምርጫ ከእማዬ ዘመን ብዙ አልራቀም፦ በሜትር የሚቆረጥ ፕላስቲክ ምንጣፍ።

አሁን ደግሞ ኤስፒሲ የሚሉት መጥቷል። የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የተሠራ ጠንካራ ሳንቃ ነው፤ ያለ ማስቲሽ ጥርስ በጥርስ ይገጣጠማል፣ ውሃ አይጎዳውም፣ ሲፈልጉ ይፈታል። ባለሱቆቹ ለተከራይ "ስትለቂ ነቅለሽ ትወስጂዋለሽ" እያሉ ይሸጣሉ፤ ነገሩ እውነት ነው። ችግሩ የአከራይ ሊሾ ነው። በጥድፊያ የተለሰነ፣ እዚህ ጎድጓዳ እዚያ ጉብታ ነው፤ ሳንቃው ጎድጓዳው ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ የመኪናው እግር እዚያ ላይ ካረፈ ጥርሱ ይሰበራል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ቀብድ ልትከፍል ስትል ከሱቁ ደጃፍ መለስኳት። ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሰን ክፍሏን በአራቱም ማዕዘን ለካነው፤ በመስኮቱ በኩል ሁለት ጣት ያህል ይዘቀዝቃል። መኪናውን በበሩ በኩል እንድታደርገው፣ ሳንቃውንም ለዚያ ጥግ የሚበቃ ብቻ እንድትገዛ ነገርኳት፤ አከራይዋ ጥጉን በራሷ ወጪ እንድታስተካክል ፈቅደውላታል፣ ግን በቃል ነው። በጽሑፍ ተቀበዪ ብያታለሁ።